ጨው ያልነካው ሽምብራ

እና ልጣጩ ነው ነገረኛው፣ ሽምብራውስ ምን በደለ፣ ቀን ተዘፍዝፎ ይውላል፣ ያብጣል፣ ማታ ይቀቀላል፣ በሁለት ጣት ሲይዙት ፍርክስ ይላል፣ ልጣጩ ግን ከመጁ ሥር እየተንሸራተተ ያመልጣል፣ ፈጭቼ ፈጭቼ በጎረቤቴ በሥራነሽ ወንፊት አሳልፈዋለሁ፣ አንዷ እንኳ ሾልካ ካለፈች ሄዳ ፈንታ ጉሮሮ ላይ ትለጠፋለች፣ ከዚያ ያስለዋል፣ እዚህ ቤት ደግሞ ወንድ አይስልም፣ ባሌ ባዘዘው ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት ወንድ የለም፣ ደብረ ማርቆስ ምሽጉ ውስጥ የተቀመጠው ጣልያንም ለጣልያን ጠመንጃ የተሸከመው የአገሬ ልጅም የሚያውቀው ይህንን ነው። አንዲት መበለት፣ አንዲት ላም፣ አንድ ጎታ። ከጎታው ኋላ ያለውን የምናውቅ እኔና የነፍስ አባቴ ቄስ አዳሙ፣ መንጋጋውን ያሰረለት ወጌሻ፣ እግዚአብሔርም እንግዲህ።

ፈንታ ወንድሜ ነው፣ ታናሼ። ከደብረ ኤልያስ በታች በነበረው ተኩስ ጥይቱ በአንዱ ጉንጩ ገብቶ በሌላው ወጣ፣ ጥርሱን ጠራርጎ፣ መንጋጋውን ሰብሮ፣ ጓደኞቹ አምጥተው ደጃፌ ላይ አስቀመጡትና ወደ ጫካቸው ተመለሱ። ጎትቼ አስገባሁት። አላለቀስኩም፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ይሄ ልጅ እንዴት ነው እንዲህ የከበደው ብቻ ነው ያልኩት። ወጌሻው መንጋጋውን በሻሽ ጠፍሮ አሰረና የሚላመጥ ነገር አታሳይው አለ፣ ጨው አታስነኪው፣ በርበሬ አታስነኪው፣ ሎሚም ነጭ ሽንኩርትም ይቅርበት፣ ቁስሉ ያለው አፉ ውስጥ ነው፣ ለብ ያለ፣ የላመ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ወተት ነበር የሚበጀው። ቄስ አዳሙም ከጾሙ ፈትተውታል፣ ግን ወተቱን ባቀርብለት ዓይኑን ጨፈነ፣ ራሱን ወዘወዘ፣ ሁዳዴ ነው ማለቱ ነው፣ በዚያ አፍ። እንዲህ ያለውን ግትር ከየት አመጣነው እንዳልል እኔም እህቱ ነኝ። የጾሙን ሰዓት ይፍቱልኝ እንጂ ወተት አልልስም ካለ ምን ላድርገው፣ ሽምብራ አለኝ፣ ሱፍ አለኝ፣ ሱፉን ቆልቼ ወቅጬ ውሃውን አጠልላለሁ፣ የላመውን ሽምብራ በሱፉ ውሃ እበጠብጣለሁ፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለበትም፣ ቀምሼውም አላውቅ፣ ጿሚ ቀምሶ አይሠራም።

ሽምብራን ስንት ዓይነት አድርጌ እንደማውቀው። ኅዳር ላይ ከነሥሩ ነቅሎ የጭድ እሳት ላይ ለብለብ ማድረግ፣ ጣት ይጠቁራል፣ ከንፈር ይጠቁራል፣ ቅጠሉ ላይ የምታድረው ጤዛ ኮምጣጣ ናት፣ ፈልፍሎ የሚበላ ሁሉ ሳያውቀው ጣቱን ይልሳል። ቆሎው ደግሞ ውሃ ተርከፍክፎበት አድሮ ሲታመስ ይፈነዳል፣ ፈንታ ቆሎ ሲቆረጥም ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር፣ እናታችን ይሄ ልጅ ድንጋይ ነው ወይ የሚበላው ትል ነበር። ንፍሮው፣ ሽሮው፣ ክኩ። የሽምብራ ዓሣው፣ ዱቄቱን በሽንኩርትና በበርበሬ አሽቶ፣ የዓሣ መልክ አውጥቶ፣ በኑግ ዘይት ጠብሶ ቀዩ ወጥ ውስጥ መጣል፣ እኔ ዓሣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ እናቴም አላየች፣ ግን እሷ ጭራ ታወጣለት ነበር፣ እኔም ጭራ አወጣለታለሁ፣ ባዘዘው ነፍሱን ይማረውና ይች ዓሣ ናት ወይስ የበሬ ምላስ እያለ ይስቅብኝ ነበር፣ ስቆ ሲያበቃ ወጡን ሙልጭ አድርጎ ይበላል። ደግሞ ቀዝቃዛው አለ፣ ዱቄቱን በፈላ ውሃ አገንፍቶ አብርዶ፣ በሰናፍጭ በነጭ ሽንኩርት በሎሚ እየመቱ ማንጣት፣ ዘይት ጠብ ማድረግ፣ እንጀራው ላይ ክምር አድርጎ ማቅረብ፣ በሁዳዴ ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው ያንን ሲያይ ዓይኑ ይበራል፣ ያን ሁሉ የማውቅ ሴት ዛሬ ጭቃ ነው የምፈጨው። ሁሉም ነገር ስም አለው፣ ይሄ ስም የለውም። እንጃ።

ዛሬ ግን ተሳሳትኩ። ሌላ ቀን የማታውን ፍም አመድ አልብሼ አሳድርና ጠዋት እሱ ላይ ለብ አደርገዋለሁ፣ ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፣ ማንም አያውቅም። ዛሬ ስነሳ ፍሙ ከስሟል። ትናንት ያካፋው ኩበቱን አርሶታል። ቢቀዘቅዝስ ምን አለበት አልኩ፣ ቀዝቃዛ ሲሆን እንደሚያመው አውቃለሁ፣ ቁስሉ ሲነዝረው ቡጢውን ጨብጦ ጎታውን ይገፋል፣ ድምፅ አያሰማም ብቻ ጎታው ይነቀነቃል፣ ያ የሚነቀነቅ ጎታ ትዝ አለኝና እርጥቡን ኩበት አቀጣጠልኩ፣ ትንሽ ብቻ፣ ለብ እስኪል ብቻ። ጭሱ ቤቱን ሞላ፣ በሣር ክዳኑ አልፎ ወጣ፣ ወጥቶም አልተበተነም፣ ዛሬ ነፋስ የለም። በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ የማን ቤት ይጨሳል፣ ልጅ ያለበት ቤት ይጨሳል፣ በሽተኛ ያለበት ቤት ይጨሳል፣ የመበለት ቤት ለማን ብሎ ይጨሳል። እኔ ደግሞ የብርጓል ነኝ፣ በጾም ምራቋን የማትውጥ እያሉ የሚያሙኝ፣ የሰው ልጅ በጠዋት ከንፈሩ ረጥቦ ካየሁ ምን ቀመስክ ብዬ የማፋጥጥ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እሳቱን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

በሩ ጨለመ። ሰው ቆሟል። ደህና አደሩ እትዬ የብርጓል፣ ይላል፣ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ አንሙት ነው፣ ከወንዙ ማዶ የአንዳርጌ ልጅ፣ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ገብቶ ሰው ሊሆን ነው ሲባል የነበረው፣ ጣልያን ሲመጣ ደበሎውን ጥሎ ባንዳ ሆነ፣ አሁን ምሽጉ የሰጠውን ጫማ ተጫምቶ ምሽጉ የሰጠውን ጠመንጃ አንግቶ ይዞራል። እግዜር ይመስገን፣ ደህና አደርክ፣ ግባ። ይገባል፣ መደቡ ላይ ይቀመጣል፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋድማል። የፈንታ ሽምብራ ያለበት ጣባ ከፊቴ ነው፣ በነጠላዬ ልሸፍነው ነበር፣ የሸፈኑት ነገር ይታያል ብዬ ተውኩት። ጭስ አይቼ ነው የመጣሁት፣ ይላል፣ በሁዳዴ ማለዳ የእርስዎ ቤት ሲጨስ አይቼ ስለማላውቅ የታመሙ መስሎኝ። እኔ እብድ፣ ደህና ነኝ፣ እላለሁ፣ ምንም አልሆንኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ፣ በሽተኛ መሆን እችል ነበር፣ ራሴን ሆዴን ማለት እችል ነበር፣ በሩን ከፍቶልኝ እኔው ዘጋሁት።

ምሽጉ ውስጥ ሥጋ በቆርቆሮ ይሰጧቸዋል ይባላል፣ ጋሌጣ የሚሉትን ደረቅ ቂጣ ይሰጧቸዋል፣ አንሙት ግን እስካሁን ይጾማል አሉ፣ ቆርቆሮውን ለጓደኞቹ እየሰጠ፣ ይስቁበታል አሉ። ከንፈሩ ደርቋል። እውነትም ይጾማል። አገሩን የሸጠ ሰው ሁዳዴን አልሸጥም ሲል ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ልስቅ ነበር፣ ወይም ላዝንለት፣ ሁለቱንም ተውኩት። ከወንድምዎ ወሬ አለ ወይ፣ ይላል፣ እንደ ዋዛ፣ ዓይኑ ጣባው ላይ ነው። ከየት ይምጣ ወሬው፣ ሞቷል ነው የሚሉኝ፣ እላለሁ። ሬሳው አልተገኘም፣ ይላል፣ አፉን የተመታ ሰው ደም እየተፋ ወደዚህ አቅጣጫ ሲያመጡት ያየ አለ፣ አፉን የተመታ ሰው መቼም ቆሎ አይቆረጥም። የሚለውን አውቆታል፣ ሳይጮህ ነው የሚናገረው፣ ተማሪ ነበርና ቃል ይመርጣል። ከጎታው ኋላ ምንም የለም፣ ትንፋሽ እንኳ የለም፣ ፈንታ ትንፋሹን ይዟል፣ እኔም ይዣለሁ።

ይሄ የማን ነው፣ ይላል። የኔ ነው። የእርስዎ። አዎ የኔ። ቅዳሴ ሳይወጣ፣ እርስዎ። አዎ። ጣባውን ያነሳል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ጣቱን ይነክራል፣ አሁን ከቀመሰው አለቀ፣ ጨው የለበትም፣ ምንም የለበትም፣ ጥርስና ጤና ያለው ሰው የማይበላው ነገር መሆኑን አንዴ ቢልሰው ምላሱ ይነግረዋል፣ ጣቱ ከንፈሩ አጠገብ ይደርሳል። ይቆማል። ትዝ ይለዋል፣ ቅዳሴ አልወጣም። ጣቱን በጣባው ከንፈር ይጠርጋል፣ ደህና አድርጎ፣ ፍርፋሪ እንዳይቀርበት። ከዚያ ጣባውን ጭኔ ላይ ያስቀምጥልኛል። እንግዲያው ይብሉ እትዬ፣ ይላል፣ አይቀዝቅዝብዎ።

ቀኝ እጄ ማማተብ ይጀምራል፣ ከልማድ፣ ግማሽ ላይ አቆመዋለሁ፣ ምን ብዬ ነው የማማትበው፣ ከዚያ ይሁን ብዬ እጨርሰዋለሁ። ማንካውን አነሳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ሽሬ አላውቅም፣ ወባ ይዞኝ እንኳ፣ ባዘዘው የሞተ ጊዜ ለቅሶ ላይ ውሃ ቅመሽ ሲሉኝ እንኳ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ አፌ የሌላ ሰው አፍ ይመስለኛል፣ ሩቅ ነው፣ አንዲት ሴት ስትበላ አያለሁ። ለካ ይህን ነው። ለካ ወንድሜን ይህን ነው የማጎርሰው፣ አፈር አፈር ይላል፣ ምላስ ላይ ተኝቶ አልሄድም ይላል፣ ጨው እኮ ነው ሁሉን ነገር ምግብ የሚያደርገው፣ አሳዘነኝ፣ አሁን ገና አሳዘነኝ፣ ደም እየተፋ ሲመጣ ያላዘንኩለት ሰውዬ አንዲት ማንካ ሽምብራ ላይ አንጀቴን በላው፣ እንባዬ እንዳይመጣ ሁለተኛውን እጎርሳለሁ። ፊቴን አላጨማድድም። የሚጣፍጥ ነገር እንደምበላ አደርጋለሁ፣ ማንካውን እልሳለሁ። ይህ የፈንታ የጠዋት ምግብ ነው፣ ትናንት ማታ ጥቂት ነው የበላው፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እህቱ ምግቡን ስትበላበት እየሰማ ነው። አንሙት አያርፍም፣ እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይኑ ይሸኛታል። ጣባው ባዶ ሆነ።

ምነው፣ ይላል፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ አሁን ባንዳው አይደለም የሚጠይቀኝ፣ ተማሪው ነው፣ ምን አገኘዎ እትዬ የብርጓል፣ እርስዎ እኮ። ደህና ነኝ ብያለሁ፣ በሽታ የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ራበኝ ብል ማን ያምነኛል፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ስፈልገው አልቆየሁም፣ አጠገቤ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

አርግዣለሁ።

ባዘዘው ከሞተ ሁለተኛ ሁዳዴው ነው፣ አንሙት ተዝካሩን በልቷል፣ ያውቃል። ከማን አይልም፣ ነውር ነው፣ ግን ዓይኑ ከፊቴ ወደ ሆዴ ይወርዳል፣ ከሆዴ ተነስቶ ወደ ጎታው ይሄዳል፣ እዚያ ይቆያል፣ አላመነኝም፣ ይነሳል፣ ጠመንጃውን ይይዛል፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎታው፣ እኔም እነሳለሁ፣ ምን ልሆን እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ልይዘው ነው፣ ልለምነው ነው፣ ከዚያ ሆዴ ይገለበጣል። ባዶ ሆድ ነው፣ ያ ክብደት ያለ ጨው ተጠቅጥቆበት፣ አልቻለውም፣ ትውከቱ መጣ፣ ለመዞር እንኳ ፋታ አልሰጠኝም፣ የምሽጉ ጫማ ላይ። እንዳለ። የወንድሜ ቁርስ። ተንበርክኬ አስታውካለሁ፣ እንደገና፣ እንደገና፣ አስቤ ያላደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፣ አንሙትን ያሳመነውም ይኸው ነው። ወደ ኋላ ይሸሻል። እግዜር ይፍታዎ፣ ይላል፣ ፊቱን አዙሮ፣ አፍሮ፣ የሴት ነገር አይቶ እንደሚያፍር ጎልማሳ፣ ጫማውን ሣሩ ላይ እየጠረገ ይወጣል። በበሩ አያለሁ። የሥራነሽ አጥር ጋ ይቆማል። ሥራነሽ ትወጣለች። ያወራሉ። እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አያለሁ።

ይሁን። ፈንታ ይኑር እንጂ ይሁን። ከእንግዲህ ቤቴ ቢጨስ የሚጠይቅ የለም፣ እርጉዝ ያለበት ቤት ይጨሳል፣ ይሄኛው ጥሩ ነው፣ ሌላው ደግሞ ሆዴ ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ ሆዴ ካልገፋ አስወረደች ይላሉ፣ እስከዚያ መንጋጋው ይጠገናል፣ ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ፣ ለቄስ አዳሙ እውነቱን እነግራለሁ፣ ንስሐዬን ይሰጡኛል፣ ስግደት ነው፣ እችለዋለሁ። ለእሳቸው እንጂ ለሰው አልነግርም፣ እሳቸውም የነፍስ አባት ናቸውና የነገርኳቸውን ለማንም አያወጡ። ስለዚህ የብርጓል ማለት ይቺ ናት ከእንግዲህ፣ ባሏ በሞተ በሁለተኛው ሁዳዴ ያረገዘችው።

ጎታውን ዞሬ እገባለሁ። ፈንታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሄደ፣ እለዋለሁ። አይዞርም። ውሸቴን እኮ ነው፣ እለዋለሁ ጆሮው ሥር፣ አንተን ላድን ብዬ ነው፣ ምን ላድርግ። ይዞራል፣ ዓይኔን አያይም፣ ሆዴን ያያል፣ ቆይቶ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ቃሉን ሰምቷል፣ ትውከቱን ሰምቷል፣ እኔም እሱን ብሆን አምን ነበር። ባንዳው ያመነኝ ደስ አለኝ፣ ወንድሜ ያመነኝ ግን እንደ ጥፊ ነው የመታኝ። ልጩህበት አልችልም፣ ሹክ እያልኩ ልቆጣው አልችልም፣ ተነስቼ ወደ ወፍጮዬ እሄዳለሁ፣ በድስቱ የቀረ ሽምብራ አለ፣ እሱም ቢኮራ ይበላል፣ የሚራበው ሆዱ ነው እንጂ ኩራቱ አይደለም፣ ፈጭቼ ወንፊቱን ሳነሳ በሩ ላይ ሥራነሽ።

አልገባችም። ሥራነሽ በሬ ላይ ቆማ አታውቅም፣ ደህና አደርሽም ሳትል ገብታ የምትቀመጥ ናት፣ ስወልድ ያዋለደችኝ፣ ልጄ የሞተብኝ ቀን አብራኝ መሬት የተኛች። ዛሬ መቃኑን ይዛ ቆማለች። ወንፊቴን ፈልጌው ነበር፣ ትላለች። እየሠራሁበት ነው ልላት እችላለሁ፣ ልንገራት፣ አንድ ቃል፣ ጠጋ በይ ብዬ፣ ሥራነሽ እወድሻለሁ ግን ምላስሽ ላይ ነገር አያድርም፣ ለባልሽ ትነግሪያለሽ፣ ባልሽ ጠላ ቤት ይናገራል፣ ጠላ ቤቱ ምሽጉ ሥር ነው። ወንፊቱን በውሃ አለቃልቃለሁ፣ ልጣጩን አራግፋለሁ፣ እሰጣታለሁ። በነጠላዋ ጫፍ ትቀበለኛለች፣ እጄን እንዳትነካ። ከዚያ ቆም ብላ፣ አንች፣ ትላለች፣ በሁዳዴ፣ አንች እኮ ነበርሽ እኛን የምትቆጪን። ዓይኗ ውሃ አቅርሯል፣ ተናዳ አይደለም፣ አዝና ነው፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጆቹን ከእንግዲህ ወደዚህ አልክም፣ ይቅር በይኝ፣ ትላለች። እግዜር ይቅር ይበልሽ፣ እላታለሁ። ትሄዳለች።

ቁጭ እላለሁ። አለቅስ እንደሆነ እጠብቃለሁ፣ አይመጣም። ወንፊት የለም፣ ልጣጩ የፈጨሁት ውስጥ ተሰባብሮ ተበትኗል፣ በጣት ላውጣው ቢሉ እስከ ማታ አይወጣም፣ ቢያስለው ደግሞ ያው ነው፣ ድስቱ ሥር ያልተፈጩ ጥቂት ፍሬዎች ቀርተዋል፣ አንዷን አነሳለሁ፣ አያታለሁ፣ የእናቶቻችን ነገር ትዝ ይለኛል፣ ሕፃን አላምጠው ነው የሚያጎርሱት፣ ጡት ለጣለ ልጅ ማን ወፍጮ ይዞ ይሄዳል፣ ልጄንም በሕይወት ሳለ እንዲያ ነበር የማጎርሰው። ይህን ለምን እስከዛሬ አላሰብኩትም፣ አስቤውማ ቢሆን በጾም አፌ ምግብ አላስገባም ነበር፣ ለዚያ ነው ሰሞኑን ሁሉ ድንጋይ ስገፋ የኖርኩት። አሁን ማን ይከለክለኛል። ፍሬዋን አፌ ውስጥ እጥላታለሁ፣ በምላሴ ልጣጯን አወልቃለሁ፣ እተፋዋለሁ፣ አላምጣለሁ፣ አላምጣለሁ፣ ከመጁ ይልቅ ጥርሴ ያውቃል፣ አንዲት ጠጣር አታመልጠውም።

ድስቱን ይዤ ከጎታው ኋላ እገባለሁ፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ፈንታ እንዳለ ግድግዳውን እያየ ነው፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ሥራነሽን ሰምቷል፣ ወንፊቱ ሲሄድም ሰምቷል። ያላመጥኩትን በጣቴ አውጥቼ ወደ ፊቱ አቀርባለሁ፣ እጄ እንደተዘረጋ ይቆያል፣ ይደክመኛል፣ አላወርደውም። ይዞራል። ዓይኑ ቀልቷል። ሻሹ የፈቀደለትን ያህል አፉን ይከፍታል፣ አጎርሰዋለሁ፣ አያስለውም፣ ይውጣል፣ ክንዴን በሁለት እጁ ይዞ አይለቅም፣ በሌላው እጄ ሁለተኛዋን ፍሬ አንስቼ አላምጣለሁ።